«ዘንድሮ አትምጡ» ማለት የሚችለው ማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአሜሪካ የመጡ ምዕመናንን በአስተርጓሚነት ተከትዬ ወደ ደቡብ ወርጄ ነበር። አሥራ አራት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች፣ አንዲት ነርስ፣ ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች፣ ፓስተራቸው። ግድግዳ ሊቀቡ ወይም ሊሰብኩ አልመጡም። ቤተ ክርስቲያናቸው ለዓመታት ገንዘብ ስትልክለት የቆየውን አንድ የሴቶች የቁጠባ ማኅበር በዓይናቸው ሊያዩ፣ አብረው ቁጭ ብለው ሊያዳምጡ ነው የመጡት። ደጎች ነበሩ፤ ይህን ለወግ ያህል አይደለም የምለው። አንዲት አዛውንት ድምፄ እየሻከረ ሲመጣ ሳልጠይቃቸው ውሃ ያቀብሉኝ ነበር።

ሴቶቹ ከንጋት ጀምረው ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ዳቦ ደፍተው፣ ቡና አቀራርበው ጠበቁን። ውይይቱ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ዘለቀ። ስለ ሕይወታቸው ተጠየቁ፤ በትሕትና መለሱ። ፎቶ ተነሣን፣ ተቃቀፉ፣ ጥቂቶች አለቀሱ። ዕቃ ወደ መኪና ስንጭን የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ አጠገቤ ቆማ ወሬ አነሣችልኝ። ያ ቀን ሐሙስ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሐሙስ የከተማዋ የገበያ ቀን መሆኑን ግን የሰማሁት ያኔ ነው። ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች ቅቤያቸውን፣ በርበሬያቸውን፣ ቆጯቸውን ሳይሸጡ የሳምንቱ ገበያ አልፏቸዋል። «ታዲያ ለምን አልነገራችኋቸውም? ዓርብ መምጣት ይችሉ ነበር እኮ» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና «ወንድሜ፣ እንግዳ በምን አፍ ነው አትምጣ የሚባለው?» አለችኝ።

«የእግዜር እንግዳ» በሚባልበት አገር አስተናጋጅ ችግሩን ዋጥ አድርጎ ፈገግ ይላል። ያ ፈገግታ በእንግዳው ማስታወሻ ላይ «ሞቅ ያለ አቀባበል» ተብሎ ይሰፍራል። እምነትንና ማኅበራዊ ፍትሕን ይዘው ባሕር ማዶ ያሉ አጋሮቻቸውን ሊጎበኙ ስለሚሄዱ ቡድኖች ክርክር ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረመረው የመንገደኞቹ ልብ ነው፤ ቅን ናቸው ወይስ ለራሳቸው ክብር ነው የሚለፉት፣ ተለውጠው ይመለሳሉ ወይስ ፎቶ ብቻ ይዘው። እኔ የሰዎቹን ልብ ለእግዚአብሔር ልተወውና ሌላ ነገር ልጠይቅ። አስተናጋጁ ማኅበር «ዘንድሮ አትምጡ» ቢል ምን ይደርስበታል? የሚቀጥለው ዓመት በጀት ይቀነስበታል? «ምን የሚደብቁት ነገር ቢኖር ነው» ይባላል? ምንም የማይደርስበት ከሆነ አጋር የሚለው ቃል እውነት ነው። የሚደርስበት ከሆነ ግን ጉብኝቱ፣ ቡናውና ዘፈኑ ሲነሣለት፣ ለጋሽ ገንዘቡ የት እንደደረሰ የሚያይበት ቁጥጥር ነው። ቁጥጥር ክፉ ነገር አይደለም፤ በስሙ ይጠራ ነው የምለው።

የሚጓዘው ሰው ብዛት ቀላል አይደለም። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሮበርት ዉትናው በ2005 ባደረጉት የዳሰሳ ጥናት መሠረት በዓመት 1.6 ሚሊዮን ያህል አሜሪካውያን ምዕመናን ለአጭር ጊዜ ተልእኮ ከአገራቸው ይወጣሉ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ካልገለጽሁ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አብዛኞቹ የሚሄዱት ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ነው። መዶሻና የቀለም ቡሩሽ ይዞ የሚሄደው አለ፤ መድኃኒት ይዞ የሚሄደው አለ፤ ባዶ እጁን ሄዶ ሰምቶ የሚመለሰውም አለ። የጽሑፌ ጉዳይ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ነገር ግን እሱ የተወለደው በመዶሻው ጉዞ ላይ ከደረሰው ትዝብት ስለሆነ መጀመሪያ ሆንዱራስን ማየት ይገባል።

በጥቅምት 1998 መጨረሻ ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ሆንዱራስን መታ። ጎርፉና የመሬት መንሸራተቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ፤ መንደሮችን ጠራርጎ ወሰደ። በቀጣዮቹ ዓመታት የሰሜን አሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ቡድን በቡድን እየሆኑ ቤት ሊሠሩ ሄዱ። እዚያው አገር የሚኖረው ሶሲዮሎጂስት ከርት ቨር ቢክ ግን አንድ ማንም ያላሰበውን ሒሳብ ሠራ። መንገደኞቹ የአውሮፕላን ትኬታቸውን ጨምሮ ለአንድ ቤት የሚያወጡት በአማካይ 30,000 ዶላር ያህል ነው። የአገሬው ድርጅት ያንኑ ዓይነት ቤት በአገሬው ግንበኛ የሚያሠራው በ2,000 ዶላር ነበር። ቤት ያገኙትን ቤተሰቦች ሲጠይቅ ደግሞ ፈረንጅ የሠራለትና የአገሩ ሰው የሠራለት ሰው በኑሮውም ሆነ በእምነቱ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየበትም። መንገደኞቹ «ሕይወቴን ለወጠው» ያሉት ጉዞም ከተመለሱ በኋላ በሚሰጡት ገንዘብና በሚጸልዩት ጸሎት ላይ የረባ ዘላቂ ለውጥ አላሳየም።

ጥናቱ በ2006 ሲታተም የተናደዱ ነበሩ። «ፍቅር በዶላር አይለካም» ተባለ። እውነት ነው፣ አይለካም። ሆኖም በአንድ ቡድን ወጪ አሥራ አምስት ቤት ሊሠራ ይችል እንደነበረ እያወቀ «ፍቅር ነው» የሚል ሰው፣ ቢያንስ የቀሩትን አሥራ አራት ቤተሰቦች ማሰብ ነበረበት።

ከዚህ አርባ ዓመት ግድም ቀደም ብሎ ኢቫን ኢሊች የተባለው የካቶሊክ ቄስ ይህንኑ ነገር በጭካኔ ተናግሮት ነበር። በሚያዝያ 1968 በሜክሲኮዋ ኩዌርናቫካ ከተማ ለበጎ ፈቃድ ሥራ የተዘጋጁ የአሜሪካ ወጣቶች ስብሰባ ላይ እንዲናገር ተጋበዘ። ለመመልከት ኑ፣ ለመማር ኑ፣ ተራራችንን ውጡ፣ ልትረዱን ግን አትምጡ የሚል መልእክት ነው ያስተላለፈው፤ ያውም ለጋበዙት ሰዎች ፊት ለፊት። ኢሊች የኦስትሪያ ተወላጅ ነውና እሱም በዚያ አገር እንግዳ ነበር። እንግዳ እንግዳን አትምጣ ማለት ይችላል፤ ባለቤቱ ነው የሚቸግረው።

እንዲህ ያለው ትችት ሰሚ አላጣም። በ1985 የተቋቋመው የአሜሪካ አይሁድ የዓለም አገልግሎት የተባለው ድርጅት ለብዙ ዓመታት ወጣት አይሁዳውያንን ለጉልበት ሥራ ወደ ድሆች አገሮች ይልክ ነበር። ባለፉት አሥር ምናምን ዓመታት ግን ያን ትቶ ራቢዎችን፣ የማኅበረሰብ መሪዎችንና ለጋሾችን ለጥቂት ቀናት እንደ ጓቴማላ ወዳሉ አገሮች ይዞ እየሄደ ከሚደግፋቸው የመብት ድርጅቶች ጋር ያገናኛል። አካፋ የለም። መንገደኛው ስለ መሬት ነጠቃ፣ በሴቶች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት፣ ስለ ማዕድን ኩባንያዎች ይሰማል፤ ከዚያ ዋሽንግተን ተመልሶ የኮንግረስ አባላትን ደጅ ይጠናል። ዩኒቴሪያኖችም፣ ኩዌከሮችም፣ ሜኖናውያንም፣ የካቶሊክ ገዳማትም የየራሳቸው መልክ ያለው ተመሳሳይ ጉዞ አላቸው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ድሃው ያጣው ግድግዳ የሚቀባለት ሰው አይደለም፤ ኃያሉ መንግሥት ፊት ቆሞ የሚናገርለት ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ለመናገር መጀመሪያ ማየት አለበት።

ይህ ሐሳብ ከሁሉ በላይ የተፈተነው ኒካራጓ ላይ ነው። በሚያዝያ 1983 ከሰሜን ካሮላይና የተነሡ ሠላሳ የሚሆኑ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በሆንዱራስ ድንበር አጠገብ ወዳለችው ኤል ፖርቬኒር መንደር ሄዱ። መንደሯ የኒካራጓን የሳንዲኒስታ አብዮታዊ መንግሥት በሚወጉት፣ በአሜሪካ ገንዘብና መሣሪያ በሚደገፉት ኮንትራ የተባሉ ታጣቂዎች ገና መጠቃቷ ነበር። መንገደኞቹ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ እነሱ እዚያ እያሉ ተኩሱ ጋብ አለ። አሜሪካውያን በአሜሪካ ጥይት ቢሞቱ የሚመጣውን ጣጣ ታጣቂዎቹ ያውቁታል። ከዚህ ትዝብት «የሰላም ምስክር» የሚባል እንቅስቃሴ ተወለደ። በሐምሌ አንድ መቶ ሃምሳ የሚሆኑ ሰዎች ሃላፓ በተባለችው የድንበር ከተማ ተሰብስበው ጸለዩ፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ እዚያው የሚቀመጡ ቋሚ ምስክሮችና በየሁለት ሳምንቱ የሚቀያየሩ ቡድኖች ተደራጁ። በአሥር ዓመት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ አሜሪካውያን ሄደዋል። በነሐሴ 1985 በሳን ሁዋን ወንዝ በጀልባ ሲጓዝ የነበረ አንድ ቡድናቸው ከጋዜጠኞች ጋር በታጣቂዎች ታግቶ አንድ ቀን ግድም ቆይቶ ተለቋል።

ይህ ጉዞ ከሆንዱራሱ የሚለየው መንገደኛው ይዞት በሄደው ነገር ነው። ቤት መሥራት ሆንዱራሳዊው በተሻለና በርካሽ ይችላል። የአሜሪካ ፓስፖርት ይዞ መንደር ውስጥ ማደር ግን ኒካራጓዊው የማይችለው ነገር ነው። የአሜሪካ ግብር ከፋይ ሆኖ «በገንዘቤ ይህ እየተደረገ ነው» ብሎ ለእንደራሴው መናገርም እንዲሁ። ስለዚህም የጉዞው ዋና ሥራ የሚጀምረው ሰው አገሩ ሲገባ ነበር። ተመላሾቹ ለከተማቸው ጋዜጣ ጻፉ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ መሠረተ ቤት ስላይድ አሳዩ፣ የምክር ቤት አባሎቻቸውን በስልክ አሰለቹ። የካቲት 3 ቀን 1988 የሬገን አስተዳደር ለኮንትራዎች የጠየቀው ከ36 ሚሊዮን ዶላር በላይ እርዳታ በተወካዮች ምክር ቤት 219 ለ211 ወደቀ። ያን ድምፅ መንገደኞቹ ብቻቸውን አመጡት አይባልም፤ የኢራን ኮንትራው ቅሌትም (ለኢራን በስውር ከተሸጠ መሣሪያ የተገኘ ገንዘብ ለኮንትራዎች መተላለፉ)፣ የመካከለኛው አሜሪካ መሪዎች የሰላም ስምምነትም ነበሩበት። በስምንት ድምፅ በተወሰነ ጉዳይ ላይ ግን መንደሩን አይተው የተመለሱ ሰዎች ከቁጥር አይገቡም ማለትም አይቻልም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ያኔም ቢሆን ተቺዎች ነበሩ፤ ቡድኖቹ የሳንዲኒስታን መንግሥት የሚያዩት በአስጎብኚዎቻቸው ዓይን ነው፣ በዚያ መንግሥት የተበደሉትን የሚስኪቶ ሕዝቦች አቤቱታ በለሆሳስ ነው የሚያነሡት ይሉ ነበር። ከተቺዎቹ አንዳንዶቹ ለኮንትራ የሚከራከሩ ስለነበሩ ነገሩ በቀላሉ ተጣጣለ። ዛሬ ያው የያኔው የሳንዲኒስታ መሪ ዳንኤል ኦርቴጋ ሥልጣን ላይ ነው። በ2018 የተነሣው ተቃውሞ ከ300 በላይ ሰዎች ተገድለውበት ታፈነ። ጳጳሱ ሮላንዶ አልቫሬዝ በ2023 የ26 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው በዓመቱ ወደ ሮም ተባረሩ። በዚያው 2023 የኢየሱሳውያን ዩኒቨርሲቲ ተወረሰ፤ በነሐሴ 2024 ደግሞ በአንድ ጊዜ 1,500 ድርጅቶች ተዘጉ፤ ብዙዎቹ የሃይማኖት ተቋማት ናቸው። የሰማንያዎቹን መንገደኞች ቡና አፍልተው ያስተናገዱ ማኅበራት ወራሾች ዛሬ እንግዳ መቀበል ወንጀል ሊሆንባቸው ይችላል። ከእነሱ ጋር በግልጽ የሚደረግ ጉብኝት ለእንግዳው ሁለት ሳምንት ነው፤ ለአስተናጋጁ የምርመራ መዝገብ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከጉብኝት የሚበልጠው ወዳጅነት አለመሄድ ነው፤ ለመቅረት ደግሞ «አትምጡ» የሚለውን ድምፅ መስማት የለመደ ጆሮ ያስፈልጋል።

ያን ቃል አፍ አውጥተው ከተናገሩት ሰዎች መካከል አንዱ የኛው ጎረቤት ናቸው። ኬንያዊው ቄስ ጆን ጋቱ የምሥራቅ አፍሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሳሉ በ1971 ሚልዋኪ ከተማ በአሜሪካውያን የተልእኮ ጉባኤ ላይ ተጋብዘው ቆሙ። የምስጋና ንግግር ይጠበቅ ነበር። እሳቸው ግን የውጭ ሚሲዮናውያን ቢያንስ ለአምስት ዓመት ከብዙ የሦስተኛው ዓለም አካባቢዎች እንዲወጡ ጠየቁ፤ ገንዘቡም ጭምር እንዲቆም። ምክንያታቸው ጥላቻ አልነበረም። ሁልጊዜ በሌላ ሰው ክራንች የሚሄድ እግር ይጠንክር አይጠንክር አይታወቅም ነው ነገሩ። በ1974 ሉሳካ ላይ የተሰበሰበው የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ጥሪውን የራሱ አደረገው። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰው ተቀየመ። ጥሪው እንደተባለው በተግባር አልዋለም፤ ይህን ያህል ዓመት ቆይቶም ግን እስከ ዛሬ ይነሣል፤ ምክንያቱም ከአስተናጋጅ አፍ የወጣ ነው።

ከእኛ ወገን የተሰጠው መልስ ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነው። በ1972 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጄኔቭ ለሚገኘው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ሰነድ ላከች። በወቅቱ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። የሰነዱ ቅሬታ ባጭሩ ይህ ነው፦ እናንተ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ፣ ለእርሻ ገንዘብ ትሰጣላችሁ፤ ለወንጌል ሥራና ለአገልጋዮች ሥልጠና ስንጠይቅ ግን እጃችሁ ያጥራል፤ እኛ ዘንድ ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት አይከፈልም፤ መመዘኛውን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ ለእኛ ሕዝብ የሚያስፈልገውን የምናውቀው ግን እኛ ነን። ሁለት ዓመት ቆይቶ ፌዴሬሽኑ ጉዳዩን ለመመካከር ናይሮቢ ላይ ጉባኤ ጠራ። ጉዲና የጋቱን ጥሪም አልተቀበሉትም፤ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ያለ አንዱ አይቆሙም፣ መለያየት መፍትሔ አይሆንም የሚል አቋም ነበራቸው። እንግዲህ አትምጡ አላሉም፤ ስትመጡ ግን አጀንዳውን አብረን እንጽፋለን ነው ያሉት። እኚህ ሰው ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በደርግ ሰዎች ታፍነው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው።

ያን ሰነድ ዛሬ ሳነብ የሚገርመኝ ድፍረቱ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ እንደ አገር አቀፍ ተቋም ከቆመች ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ዛሬ ስንት ሃያ እና ሠላሳ ዓመት የሞላቸው ድርጅቶቻችን ለዶነር የሚልኩት ፕሮፖዛል የዶነሩን ቃላት መልሶ የሚያስተጋባ ነው።

ይህ ድካም የሰዎች ብቻ አይደለም፤ ሕጉም ድርሻ አለው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብዓዊ መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በፍትሕ ጉዳይ ላይ እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር። ለአሥር ዓመት ያህል፣ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 እስኪተካ ድረስ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ የእምነት ቡድን ስለ ፍትሕ ሊወያይ የሚችለው አጋር በሕግ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ጉድጓድ ውሃ አለ፣ ክሊኒክ አለ፣ የቁጠባ ማኅበር አለ። የፍትሕ ጉዞ ተብሎ የመጣው እንግዳ የውሃ ቧንቧ ጎብኝቶ የተመለሰው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የቡድኖቹ ሪፖርት ላይ ግን ይህን የሚል አንብቤ አላውቅም።

ስለ ምስክርነት ጉዞ ጥሩም መጥፎም ጎኑን በአንድ ቦታ ማየት የሚፈልግ ሰው ጎንደር ይሂድ። በ1974 የተመሠረተው የአሜሪካ የኢትዮጵያ አይሁድ ማኅበርና በ1982 የተከተለው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ አይሁድ ጉባኤ በሰማንያዎቹ ወደ ጎንደር ገጠሮች ቡድን ይልኩ ነበር። መንገደኞቹ መድኃኒትና ልብስ፣ የጸሎት መጻሕፍትም ይዘው ወደ ቤተ እስራኤል መንደሮች ይገባሉ፤ ስም፣ ፎቶግራፍና ወሬ ይዘው ይወጣሉ። የደርግ ካድሬ እያየ የሚደረግ ጉብኝት ስለሆነ አስተናጋጁ የሚከፍለው ዋጋ ነበረው። ያም ሆኖ ያ ወሬ ኢየሩሳሌምና ዋሽንግተን ላይ ሥራ ሠርቷል፤ ነገሩን ችላ ሊሉት የወደዱ ባለሥልጣናትን ዕረፍት ነሥቷል። በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ሰዎች በሠላሳ ስድስት ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የተወሰዱበት ዘመቻ ብዙ ወላጆች አሉት፤ እነዚያ ጉዞዎች ከእነሱ አንዱ ናቸው።

ዛሬስ? ከጎንደር ወጣ ብሎ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ወለቃ አለች። ባለቤቶቿ ከሄዱ ቆዩ፤ በስማቸው ግን አሁንም የሸክላ ምስል ለቱሪስት ይሸጣል። ከተማው ውስጥ ደግሞ ዘመዶቻቸው እስራኤል ያሉ፣ እነሱ ግን ዓመታት ሲጠብቁ የኖሩ ቤተሰቦች አሉ። የእስራኤል መንግሥት በኅዳር 2015 ዘጠኝ ሺህ ያህሉን ለማምጣት ወሰነ፤ ብዙም ሳይቆይ በበጀት ምክንያት ተንጓተተ፤ ከዚያ በ2020 ሁለት ሺህ፣ እየተቆራረጠ ሌላም። በዚህ ሁሉ መካከል ከአሜሪካም ከእስራኤልም የሚመጡ ቡድኖች ምኩራቡን ይጎበኛሉ፣ አብረው ይጸልያሉ፣ ያለቅሳሉ። አንድ ሰው በልጅነቱ እንግዳ ሲመጣ ዘፍኖ፣ ጎልምሶ ልጁ እንግዳ ሲመጣ ሲዘፍን ቢያይ ስለ ምስክርነት ምን ይላል? የሚጠብቁት ፊርማ ያለው ኢየሩሳሌም ነው። እዚያ ሄዶ የካቢኔ ሚኒስትር በር ላይ የማይቆም መንገደኛ ጎንደር ባይመጣ ቢያንስ ተስፋ አይቀሰቅስም።

ሌላው ሁሉም የሚያውቀው፣ በጉዞ ወረቀት ላይ ግን የማይጻፈው ነገር ቪዛ ነው። እንግዳው ለኢትዮጵያ የቱሪስት ቪዛ ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ ይመጣል። የሒሳብ ያዧ ተራ ደርሶ የእነሱን ቤተ ክርስቲያን ልትጎበኝ ብትነሣ ለአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ቃለ መጠይቅ 185 ዶላር ትከፍላለች፤ ቢከለክሏትም አይመለስላትም። የባንክ ደብተርሽን አምጪ፣ ትመለሺ እንደሆነ አሳዪን ትባላለች። አጋርነት የሚለው ቃል በሁለት አቅጣጫ የሚሄድ መንገድን ያሳስባል፤ መንገዱ ግን ባንድ ወገን ኬላ አለው። ጉዞውን እንደ ፍትሕ ሥራ የሚቆጥር ቡድን ቢያንስ አንድ ዓመት የትኬቱን ገንዘብ ለአስተናጋጆቹ ጉዞ አውሎ፣ ከእንደራሴው ቢሮ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፎ፣ ቆንስላው ምን እንደሚል ቢያይ ከአምስት ጉብኝት የበለጠ ይማራል።

ጉዳዩ አሁን የከበደው ገንዘቡ ስለተናጋ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የዓለም አቀፍ ተራድኦ ድርጅቱን (ዩኤስኤአይዲን) በሐምሌ 2025 ሲዘጋ በእምነት ተቋማት በኩል ይመጣ የነበረው ትልቅ ገንዘብ አብሮ ተመታ፤ የካቶሊክ ተራድኦ አገልግሎት ብቻውን ግማሽ ያህል በጀቱን የሚያገኘው ከዚያ ነበር። መንግሥት ሲወጣ የቀረው የምዕመናን ኪስ ነው፤ የምዕመናን ኪስ ደግሞ የሚከፈተው ባየው ነገር ነው። ስለዚህ ጉብኝቱ ይበዛል እንጂ አይቀንስም ብዬ እገምታለሁ። የአስተናጋጁ «አትምጡ» የማለት አቅምም በዚያው ልክ ይሳሳል።

ምን ይደረግ ቢባል ጥቂት ነገር ከሥራዬ አውቃለሁ። ቀኑን አስተናጋጁ ይቁረጥ፤ «ከእነዚህ ሦስት ሳምንታት የትኛው ይሻላችኋል» ማለት ቀን ማስቆረጥ አይደለም። የመስተንግዶው ወጪና የሴቶቹ የሥራ ቀን በጀት ላይ ይግባ፤ ዳቦው ከየትም አልመጣም። አስተርጓሚውን የሚቀጥረው አስተናጋጁ ይሁን፤ እኔ የምከፈለው በእንግዶቹ ስለነበር አንዳንዱን ምሬት ለስልሶ ሲያልፍ አይቻለሁ፤ ያለሰለስኩትም እኔው ነኝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ገንዘቡና ጉብኝቱ ይለያዩ። የሦስት ዓመቱ ድጋፍ አስቀድሞ ተፈርሞ ያለቀለት ማኅበር እንግዳውን እንደ እኩያ ይቀበላል፤ ፊርማው ከጉብኝቱ በኋላ የሚጠብቀው ማኅበር ግን ቄጠማ ይጎዘጉዛል።

በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ ሊመለስ ሲያስብ ፓስተሩ ለእኔም ግልባጭ አድርጎ ለማኅበሩ ጻፈ፤ ኅዳር ላይ እንመጣለን ይላል። ሒሳብ ያዧ ደወለችልኝ። በመልሱ ላይ አብረን ለረጅም ጊዜ ቆየን፤ እሷ ስትል እኔ ስጽፍ፣ እኔ ስጽፍ እሷ «ኧረ ይህስ በዛ፣ ይቅር» ስትል። በመጨረሻ የተላከው ሦስት መስመር ነው። ኅዳር አጨዳ ነው፤ ሁላችንም እርሻ ላይ ነን፤ ከጥምቀት በኋላ ብትመጡ ተረጋግተን እንቀመጣለን የሚል። ከላከችው በኋላ «ተቀየሙን ይሆን?» ብላ ሁለት ጊዜ ደውላለች።

በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። ደብዳቤው በምስጋና የተሞላ ነው፤ ስለ ግልጽነታችሁ እናመሰግናለን ይላል፤ ለወደፊቱም እንዲሁ እንድትነግሩን እንፈልጋለን ይላል። ትኬቱ ግን ተቆርጦ ነበር።